ከሙላት አንድ የጎደለው አጥር

ስሙኝማ፤ ይህ የሆነው በወርዘን ነው። ወርዘን የት ነው እያላችሁ አትድከሙ፤ ከተራሮቹ ማዶ፣ ከጉሙ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በላይ አልነግራችሁም። መንግሥቲቱ በቆመች በሃምሳ ዘጠነኛው ክረምት ዶሮ በጠራራ ቀን ጮኸ፤ የንግሥቲቱ ፈረስ ውሃ አልጠጣም አለ፤ ከዚያም ጉሙ አጥሩን ጥሶ ገባ። ስለ ዶሮውና ስለ ፈረሱ ብዙ ተወራ። ስለ ጉሙ ግን ለማውራት ድፍረት ያገኘ ሰው አልነበረም።

ጉሙ ተራ ጉም አይደለም። ስሙ ዛርሙድ ነው፤ ነፍስ ያለው አውሬ ነው። ሰው አይገድልም፤ ምነው በገደለ! የነካውን ሰው ያደነዝዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ካጎረሱት ይበላል፣ ልጁ ብትሞት ግን ዞር ብሎ አያይም። ዛርሙድ የሚሸነፈው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኩል ለእኩል ለማይከፈል ነገር። እኩል የተከፈለለትን ይውጣል፤ ከተከፈለው ላይ አንዲት ብትተርፍ ግን ጉሮሮው ላይ ትቀርበታለች። ስለዚህም የወርዘን መሥራቾች አገሪቱን በሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ቋሚ ድንጋዮች አጠሯት።

ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። ወርዘንን ያቀኑት ስድስት ቤቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ቤት የራሱ ቁጥር ነበረው፦ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት። ስድስቱን እርስ በርስ ብታባዟቸው ሠላሳ ሺህ ሠላሳ ይመጣል። የመጀመሪያው ሊቀ ቁጥር በዚያ ላይ አንድ ጨመሩ። እንግዲህ በየትኛውም ቤት ቁጥር ክፈሉት፣ ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል። አገሩ የሚምለው በዚያች ትርፍ አንድ ነበር። ሰው ከሰው ሲገናኝ «አንዱ ይቀራል!» ይላል፤ ሌላው «ለዘላለሙ ይቀራል!» ብሎ ይመልሳል። ቤት በሌለው ቁጥር፣ በአሥራ ሰባት ወይም በአሥራ ዘጠኝ መክፈል ደግሞ ነውር ነበር። አባት የሌለውን ቁጥር ጨዋ ሰው አይነካውም ይባላል።

እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤት አለው፤ የሚቆመውም በባለቤቱ ነፍስ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ወራሹ እጁን ያሳርፍበታል፣ ድንጋዩም እንደቆመ ይኖራል። ድንጋይን ከጉድጓዱ መንቀል የሚችል የገዛ ባለቤቱ ብቻ ነው፤ የነቀለም አብሮ ይነቀላል። ይህን በወርዘን ጡት ያልጣለ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

ሐመልማል የቀጭንበር ልጅ ናት። ቀጭንበር ከአጥሩ ሥር ያለች መንደር ናት፤ ጉሙ በገባ ዕለት ከዚያች መንደር በእግሩ የወጣ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። እናቷ ዘርትሁን ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከሸክላዋ ይልቅ ግን ምላሷ የታወቀ ነው። በዘርትሁን ደጃፍ ሳይሰደብ ያለፈ የለም፣ ሳይስቅ ያለፈም የለም። ሐመልማል እናቷን ከደጃፏ ልትጎትት ግራ እጇን ወደ ጉሙ ሰደደች። የእናቷን እጅ አገኘችው፣ ያዘችው። ዘርትሁን ቀና ብላ አየቻትና እንደማታውቃት ሁሉ ፊቷን መለሰች። ስድብ የለ፣ እርግማን የለ። ሐመልማል ስትወጣ ግራ እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ነበር፤ ቢቆነጥጡት አይሰማም። ደረቷም እጇን መሰለ። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ ለማልቀስ ትቀመጣለች፤ ምንም አይመጣም፤ ተነሥታ ትሄዳለች።

ንግሥት ወርቀዘቦ ጉባኤ ጠሩ። ሊቃነ ቁጥሩ አንድ ቃል ሆነው «ቁጥሩ አይከፈልም፤ በስድስቱም ቤት ከፍለነዋል፣ አንዱ ይቀራል። ጉሙ የገባው ከአጥሩ ድንጋይ ቢሰረቅ ነው» አሉ። አዳራሹ ተንጫጫ። ድንጋይ ከባለቤቱ በቀር ለማንም እንደማይነቀል ያስታወሰ አልነበረም። ወዲያው ሦስት ሌባ በስም ተጠቆመ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ስም አይጠፋም።

ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ተነሡ። «የቀጭንበር ልጅ ሆይ፣ ጉም የነካው እጅ ጉምን አይፈራም። ሂጂና የተሰረቀው ድንጋይ ቦታ የት እንደሆነ ፈልጊ፤ አጥሬንም ዝጊ። ክረምቱ ሳይወጣ ዛርሙድ ይህን ዙፋን ይከባል፤ ያን ጊዜ በወርዘን የሚያለቅስም የሚያስለቅስም አይኖርም። ድንጋይ ባለቤቱን ይጠራልና፣ ድንጋያቸው በቀጭንበር የቆመ ሁለት ሰዎች አብረውሽ ይሂዱ።»

ሐመልማል ቀኝ እጇን አነሣች። «አንዱ ይቀራል! አጥሩ ሳይዘጋ ብመለስ ድንጋዬ ይውደቅ፣ ስሜም ከቀጭንበር ይጥፋ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እሷ ግን ምንም አልተሰማትም፤ ሰዉ ጀግንነት መሰለው። እናቷ እንደ ድሮዋ እስካልተሳደበች ድረስ ዙፋኑ ቢቆምም ቢወድቅም ለሷ ያው ነበር።

አብረዋት ከወጡት አንዱ ሊቀ ቁጥር ዜንዳር ናቸው፤ ቁጥሩን የቀመሩት የመጀመሪያው ሊቅ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ሲራመዱ እንኳ ከንፈራቸው የሚያባዛ። ሁለተኛው መከተ ነው፤ ድንጋይ ጠራቢ፣ ቁመቱ የበር መቃን የሚሞላ፣ አፉ የማያርፍ። ጉሙ ሲገባ ቤተ መንግሥት ደረጃ እየጠገነ ስለነበር ተረፈ። መከተ ከሁለት ክረምት ጀምሮ ሐመልማልን ሊያገባ ሲለማመጥ ኖሯል። ዘርትሁን አንድ ቀን ሥራው ላይ አግኝታው «አንተ ድንጋይ! ወንድሞችህን ስትፈልጥ አታዝንላቸውም?» ብላው ነበር። እሱ ይህን ስድብ እንደ ሹመት ለአገሩ ሁሉ ያወራዋል።

ገና ከከተማው በር ሲወጡ ጠየቃት። «ሐመልማል፣ ታገቢኛለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንቢ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። አይሰማኝም። እሺም አይመጣ፣ እንቢም አይመጣ።»

መከተ ጭንቅላቱን አከከ። «እንግዲያው ይቆየኝ። ጉሙ ሲሄድ ትመልሺልኛለሽ። እኔ እንደሆን ጠራቢ ነኝ፤ አንድ ድንጋይ ላይ ዓመት መቀመጥ ለምጃለሁ።»

ጉሙን ሲደርሱበት ነጭ ግድግዳ ሆኖ ቆሞ ነበር። ዜንዳር አቆሟቸው። «በጉም ውስጥ ዝም ያለ ሰው ይወሰዳል። አንደበታችሁ አይረፍ። ቢደክማችሁም፣ ቢያስጠላችሁም ተናገሩ።»

መከተ «አባ፣ ለዚህ ነገር ተፈጥሬ ኖሯል እኮ!» አለና ገባ።

በወገባቸው ገመድ ተያይዘው ሄዱ። መከተ ያወራል፦ ስለ አጎቱ በቅሎ፣ ስለ ንግሥቲቱ ደረጃ፣ ድንጋይ ስለሚውጥ እባብ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ውሸት ነበር፤ ግን በዚያ ቦታ ውሸቱም ነፍስ አዳነ። ዜንዳር ያካፍላሉ። ሐመልማል የምትለው ስላጣች የምታያቸውን ሰዎች ስም ትጠራለች፤ ጉም የያዛቸው በየመንገዱ ዳር ቆመዋልና። ከመካከላቸው የጉሙ ዘቦች ሆነው የተነሡ ነበሩ። ጦር ይዘው፣ ፊታቸው ባዶ ሆኖ፣ እኩል ለእኩል ተሰልፈው መጡባቸው። መከተ መዶሻውን አንሥቶ «እግዜር ያሳያችሁ፣ የጎረቤቴን ልጅ እንዴት ልምታው!» አለና ጦራቸውን ብቻ እየሰበረ አለፈ። አንዱ ጦር ትከሻውን ቀደደው። ሐመልማል ቁስሉን ስታስር ደሙ ትኩስ መሆኑን በቀኝ እጇ አወቀች፤ ግራው ምንም አልነገራትም።

ምንጭ ዳር ሲያርፉ የውሃውን ቅል በግራ እጇ ተቀበለች። ቅሉ ወደቀ። እሷ አላወቀችም፤ እንደያዘች መስሏት ባዶ እጇን ወደ አፏ አነሣች። መከተ አየ። ቅሉን አንሥቶ ሞላና ለቀኝ እጇ ሰጣት። ወሬኛው ሰው ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ጉሙ የገባበት ስንጥቅ ተገኘ፦ በሁለት ድንጋይ መካከል፣ በቢላ እንደተሰነጠቀ። ድንጋዮቹ ግን ሁለቱም በቦታቸው አሉ። የተሰረቀ የለም። «ወደሚቀጥሉት ድንጋዮች እንሂድ» አሉ ዜንዳር። አጥሩን ይዘው ሐመልማል ድንጋዮቹን ጮክ ብላ እየቆጠረች ሄዱ። አምስት መቶ ዘጠነኛው ድንጋይ ላይ ሌላ ስንጥቅ። የጎደለ ድንጋይ የለም። ቀጠሉ። እንደገና አምስት መቶ ዘጠኝ፣ እንደገና ስንጥቅ። በሦስተኛው ላይ ዜንዳር መሬት ላይ ቁጭ አሉና ማካፈላቸውን አቆሙ።

«አባ፣ ይናገሩ እንጂ!» ሲል መከተ ትከሻቸውን ይዞ ነቀነቃቸው።

«አምስት መቶ ዘጠኝን ስልሳ ጊዜ ብትወስድ» አሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፣ «ሠላሳ ሺህ አምስት መቶ አርባ ነው። ከዚያ ላይ አንዱን አምስት መቶ ዘጠኝ አንሣለት።»

መከተ በጣቱ ቆጠረ፣ ተወው። ሐመልማል ግን ደረሰችበት። «ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ።»

«ያለ ትርፍ። ሃምሳ ዘጠኝ እኩል ክፋይ።» ሽማግሌው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «የሰረቀ የለም ልጆቼ። ቁጥሩ ራሱ ይከፈላል። ዛርሙድ በየክረምቱ አንድ ቁጥር ሲሞክር ኖሯል፤ ሁለትን፣ ሦስትን፣ አራትን፣ እያለ እያለ ዘንድሮ ሃምሳ ዘጠኝ ደረሰ። እኛ በስድስቱ ቤት ከፍለን፣ አንድ ተረፈ ብለን፣ ተኛን። ሃምሳ ዘጠኝ ቤት የለውም፤ ቤት በሌለው መክፈል ነውር ነው ተብለን አደግን። አውሬ ነውር ያውቃል? አባቴ ተሳሳቱ፤ እኔ ደግሞ ስህተታቸውን ዕድሜ ልኬን አስተማርኩ።»

መከተ እንደ ወትሮው ሊቀልድ አፉን ከፈተ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ፣ ሊቅን መርሳታቸው ነው...» የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ቃሉን ዋጠው። «ይበቃል አባ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አሁን ምን ይደረግ? ድንጋይ እንጨምር?»

«ብንጨምር ቀጥሎ ያለው የማይከፈል ቁጥር አሥራ ስድስት ድንጋይ ይፈልጋል።»

«አሥራ ስድስት? አንዱን ፈልፍሎ ለማቆም ዓመት ይፈጃል!»

ሐመልማል ወደ ቀጭንበር አቅጣጫ ዞረች። «እንግዲያው እንቀንስ። የኔን እነቅላለሁ።» ይህን ያለችው የጫማ ማሰሪያ የምታጠብቅ ያህል ነው።

ዜንዳር ክንዷን ያዙ። «አንድ ብትነቅዪ ሠላሳ ሺህ ሠላሳ ይሆናል። ሙላት ይሆናል። በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት፣ በስድስቱም ቤት ያለ ትርፍ ይከፈላል። ቁጥሩ በተለወጠ ቅጽበት ዛርሙድ እንደ አዲስ ከሁለት ይጀምራል፤ አጥሩን እንደ ዳቦ ለሁለት ገምሶ አገሩን በአንድ ጉርሻ ይውጠዋል። አንድ መሥዋዕት ከምንም ይከፋል ልጄ። ሁለት ቢነቀሉስ? ሠላሳ ሺህ ሃያ ዘጠኝ። ይህን ግን እንደ አባቴ አምኜ አልተኛም፤ እከፍለዋለሁ።»

ወደ ቀጭንበር ሲመለሱ በጉሙ ውስጥ ከፈሉት። አሁን በነውሮቹ ቁጥሮች ነው። «በአሥራ ሰባት፣ ሰባት ይተርፋል። በአሥራ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ይተርፋል። በሃያ ሦስት፣ አሥራ አራት ይተርፋል።» ድምፃቸው ሻከረ፤ አንዳንዴ ተሳስተው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። መከተ በየመሃሉ «አለ ገና?» ይላል። የቀጭንበር ቤቶች ጣሪያ ሲታይ «በመቶ ሰባ ሦስት» አሉ፣ «መቶ ይተርፋል። አለቀ።»

«ምኑ አለቀ? ከዚያ በላይ ቁጥር ጠፋ?» አለ መከተ።

«አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ትንሽ መሆኑ ግድ ነው። ሁለቱም ከመቶ ሰባ ሦስት ከበለጡ ብዜታቸው ከሠላሳ ሺህ ሃያ ዘጠኝ ያልፋል። ትንሹን ሁሉ ፈትሼ አጣሁት፤ ትልቁም የለም ማለት ነው። አይከፈልም! ዛርሙድ እስከ ዓለም ፍጻሜ ይሞክር!» ሽማግሌው እንደ ልጅ ሳቁ። «አባቴ ከሙላት በላይ አንድ ጨመሩ። እኛ ከሙላት አንድ እናጎድላለን።»

ሁለት ሰው ማለት ነው። 

ዘርትሁን ደጃፏ ላይ፣ ጭቃው በደረቀ የሸክላ ማሽከርከሪያዋ ፊት ተቀምጣ ነበር። ሐመልማል ፊቷን አጠበቻት፣ ውሃ አጠጣቻት። «እማዬ፣ መሄዴ ነው» አለቻት። ዘርትሁን ውሃውን ዋጠች።

«እኔና አባ ዜንዳር ነን» አለች ሐመልማል ስትመለስ። «ንግሥቲቱ ፊት የማልሁት እኔ ነኝ።»

የመከተ ፊት በርበሬ መሰለ። «መሐላሽን ውሃ ይውሰደው! ድንጋይ አለኝ፣ ክንድ አለኝ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አንተ ይሰማሃል። እኔ አይሰማኝም። የሚሰማው ሰው ይኑር። እኔ ብሄድ የሄደው ግማሽ ሰው ነው።»

«ግማሽሽንም ቢሆን እፈልገዋለሁ እኮ፣ አንቺ ልበ ደንዳና!» አለና ጀርባውን ሰጣት። ሊሰናበት ይመስል ወደ ገዛ ድንጋዩ ሄደ፤ ድንጋዩ ከሷ ድንጋይ በስተግራ በአሥር ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ተደግፎት ቆመ።

ዜንዳር ድንጋያቸውን አቀፉ፤ ሐመልማል የራሷን። «በአንድ ትንፋሽ» አሉ ሽማግሌው። «አንዳችን ብንቀድም ሙላት ነው። አንዱ... አይ፣ ከእንግዲህ አንዱ አይቀርም። አባቴ ሆይ፣ ስህተትዎን ይዤልዎት መጣሁ። በይ!»

ሁለቱም ሳቡ። የዜንዳር ድንጋይ እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቀለ፤ ድንጋዩም ሽማግሌውም ደብዛቸው ጠፋ። የሐመልማል ድንጋይ ግን ተወዛወዘና ቆመ። እንደገና ሳበች። ቀኝ እጇ ጨብጧል፤ ግራ እጇም የጨበጠ መስሏታል። ዝቅ ብላ ስታይ ግራ እጇ ተከፍቶ፣ በድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተ ነበር።

ሠላሳ ሺህ ሠላሳ። ሙላት።

ዛርሙድ አገሳ። አጥሩ እዚህና ከአገሩ ማዶ፣ በሁለት ቦታ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ጉሙ እንደ ጎርፍ ገባ፤ ጉልበቷን፣ ወገቧን፣ ጉሮሮዋን ያዛት። ጨብጥ አለችው እጇን፤ አልሰማትም። ከዚያ የሰማችው የመከተን ድምፅ ነው፤ እንደ ሠርግ ቤት ጮክ ያለ።

«ሐመልማል! መልሱን እንዳትረሺ!»

ቀና አለች። የቅሉ ነገር ከምንጩ ጀምሮ በመከተ ሆድ ገብቶ፣ ግራ እጇ እንደሚከዳት አውቆ ኖሯል፤ ድንጋዩን ተደግፎ የቆመውም ሊሰናበት አልነበረም። የቆሰለ ትከሻው እየደማ፣ በዚያ ግዙፍ ክንዱ ድንጋዩን አቅፎ አነሣው። ከዚያ ቦታው ባዶ ነበር።

ዛርሙድ ለሁለት ሊከፍል ሞከረ። አንድ ተረፈ። ጉሮሮው ላይ ቀረበት፤ አነቀው። የዋጠውን ሁሉ፣ የአገር ሙሉ ሳቅና ለቅሶ፣ እየተፋ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ። የአጥሩ ስንጥቅ ሁሉ ገጠመ። ፀሐይ ወጣች። በቀጭንበር በየደጃፉ ሰው መጮህ ጀመረ፤ አንዱ ያስነጥሳል፣ አንዱ ልጁን ይጠራል፣ አንዲት ሴት ክረምቱን ሙሉ ያላለቀሰችውን አሁን ታለቅሳለች።

ሐመልማል ከድንጋይዋ ሥር ተቀምጣ ነበር። እናቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ከራስ እስከ እግሯ ገረመመቻት።

«ምን ትጎለቺያለሽ? ጭቃዬን ማን አደረቀው? ፊትሽስ ምነው፣ ከረጢት መሰለ!» ዙሪያዋን አየች፤ ሁለቱን ጉድጓዶች አየች፤ ገና አልገባትም። «ያ ድንጋይስ የት ሄደ? ድምፁን የሰማሁ መስሎኝ ነበር። አፉ ቢበዛም ልቡ ደግ ነው፤ ደግሞ ከጠየቀሽ እሺ በይው፣ አታድርቂው።»

ያን ጊዜ መጣ። ከእግሯ ጥፍር ተነሥቶ፣ ደረቷን ሰንጥቆ፣ ክረምቱን ሙሉ የቆየው ሁሉ በአንድ ላይ መጣ። ሐመልማል መሬት ላይ ተደፍታ ጮኸች። ዘርትሁን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ የምትለው አጣች፤ አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን ብቻ ስትዳብስ ዋለች።

በበጋው ንግሥት ወርቀዘቦ በወርቅ የተለበጡ ሁለት ሐውልቶች አስጠርበው ወደ ቀጭንበር ላኩ፤ በጉድጓዶቹ ላይ ሊያስተክሉ። ሐመልማል ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ቆመች። «ለንግሥቲቱ እንዲህ በሉልኝ፦ አንድ ብትተክሉ ሙላት ይሆናል፣ ሁለት ብትተክሉ አሮጌው ስህተት ይመለሳል። ዛርሙድ ሐውልት ነው ብሎ አይተውም፤ ይቆጥረዋል። የነዚህ ሰዎች ክብር ቦታቸው ባዶ መሆኑ ነው።» ሐውልቶቹ በመጡበት ሠረገላ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በወርዘን ሰው ከሰው ሲገናኝ «አንድ ይጎድላል» ይላል፤ መልሱም «ይጉደል፣ እንኖራለን» ነው።

በየክረምቱ ዛርሙድ ይመጣል፣ የዓመቱን ቁጥር ይሞክራል፣ አቅቶት ይመለሳል። ያን ዕለት ሐመልማል ከመከተ ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጣ ግራ እጇን ታስገባለች። እጇ ዛሬም ምንም አይሰማም። ሌላው ሁሉ ግን ይሰማታል።

«እሺ» ትለዋለች።

እናቷ ከኋላዋ ቆማ «ጮክ በይ እንጂ፣ ድንጋይ ጆሮው ከባድ ነው» ትላታለች። ሐመልማልም ጮክ ብላ ትደግመዋለች።